አምፖሉ እስኪመጣ

የምሠራበት ክፍል መስኮቱ በወፍራም ጥቁር መጋረጃ የተሸፈነ ነው። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማደርገው የፕሮጀክተሩን ሽፋን መግፈፍ ነው። ቀጥዬ ሌንሱ ላይ ያደረውን አቧራ በጎማ መንፊያ አራግፋለሁ፤ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር እያዞርኩ አብሰዋለሁ። በአፍ እፍ ማለት ክልክል ነው። ምራቅ ይረጫል፣ የተረጨው ደግሞ ሌንሱ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይደርቃል። ይህን ለጽዳት ሠራተኛችን ስንት ጊዜ እንደነገርኳት እኔና እሷ ብቻ እናውቃለን። እኔ ዞር ስል እፍ ትላለች። እፍ ካላሉት ምኑን ጸዳ ባይ ናት።

ሆሳዕና አቧራ አያጣትም። በበጋ ከመናኸሪያው በኩል የሚነሳው በበር ሥር ይገባል፤ በክረምት ጭቃው በጫማ ይገባና ይደርቃል፣ ሲደርቅ ያው አቧራ ነው። ዓይን ልመርምር ብዬ ተምሬ የሥራ ዘመኔን ግማሽ በአቧራ ጠረጋ ፈጀሁት ብል ትንሽ ብቻ ነው ያጋነንኩት።

ማሽኑ ትልቅ ነገር አይደለም። የጫማ ካርቶን ያክላል። ከመመርመሪያው ወንበር ጎን በብረት ክንድ ላይ ተቀምጦ፣ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ብርማ ሰሌዳ ብርሃን ይወረውራል። ሆዱ ውስጥ ፊደሎቹ የታተሙበት ክብ መስታወት አለ፤ ከመስታወቱ ጀርባ ደግሞ አምፖሉ። እኔ በሪሞት አዘዋለሁ። ትልቁን አሳይ፣ ትንሹን አሳይ፣ አንዱን መስመር ብቻ አስቀርና ሌላውን ሸፍን፣ ቅደም ተከተሉን ቀይር። ዋናው ጥቅሙ ይኸው መሸፈኑና መቀያየሩ ነው። ለምን እንደሆነ ኋላ እመጣበታለሁ።

የምናሳየው ፊደል አንድ ዓይነት ነው፤ ሦስት እግር ያላት፣ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ የምትዞር። ታካሚው ማንበብ አይጠበቅበትም፤ እግሮቿ የዞሩበትን በእጁ ማሳየት ይበቃዋል። አንዱ ሹካ ይላታል፣ ሌላው ማበጠሪያ። ከሆመቾ የመጡ አንድ መምህር ግን ክፉኛ ተቆጥተውኛል፤ ይህን ሁሉ ዘመን ፊደል ሲያስቆጥሩ ኖረው ሹካ በማየታቸው። ከአንጋጫ የመጡ እናት ደግሞ እጃቸውን በመዘርጋት ፈንታ ከወንበሩ ተነስተው በመላ አካላቸው አሳዩኝ፤ ፊደሏ ወደ ታች ስትዞር ቁጢጥ አሉ። ከሁሉ የሚያስቸግሩኝ ግን ጨዋዎቹ ናቸው። ከሀቢቾ የመጡ አንድ ሽማግሌ በሀዲይኛ ብጠይቃቸው፣ በአማርኛ ብጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ሆነ። አንቺ ያልሽው ይሁን ይሉኛል። በእኛ ዘንድ የጠየቀህን ሰው ማሳፈር ነውር ነው። ጠባዩ መልካም ነው፤ ለዓይን ምርመራ ግን አይመችም።

የማሽኑ ክፉ ጠላት መብራት ነው፤ መብራት ስል የመንግሥቱን ማለቴ ነው። ከሰዓት በኋላ ቮልቴጁ ሲወርድ ሰሌዳው ላይ ያለው ብርሃን ደክሞ ቢጫ ይሆናል። ስታቢላይዘር ገዝተናል፤ እሱም አንዳንዴ እየተንጫጫ ከማልቀስ በቀር አይፈይድም። አምፖሉ ደግሞ በቀላሉ የሚገኝ ስላልሆነ ሠሪዎቹ መላ አበጅተውለታል። ለጥቂት ደቂቃ ካልነኩት ራሱን ያጠፋል። ሪሞቱን ስትነካው መልሶ ይበራል። ይህች ትንሽ ብልሃት አባቴ ላይ ያደረገችውን አልረሳም።

አባቴ ሹፌር ነበር። ከሆሳዕና ተነስቶ በአንጋጫና በዱራሜ አድርጎ ሾኔ የሚገባ ሚኒባስ ነበረው። እኛን ያሳደገን፣ እኔን ኮሌጅ ያስገባኝ ያ መሪ ነው። መንገዱን እንደ ቤቱ ያውቀዋል፤ የቱ ጋ አህያ እንደሚቆም፣ የቱ ጋ ውሃ አስፋልቱን እንደበላው፣ በገበያ ቀን የትኛው ኩርባ ላይ ሰው እንደሚበዛ። መኪናው ውስጥ ሲገባ ቢስሚላህ ይልና ቁመቱ የጨመረ ይመስለኝ ነበር። ሱሪውን ተኩሶ ነው የሚነዳው። ተሳፋሪ የሚሰድብ ሹፌር አይወድም።

ፕሮጀክተሩ ከመምጣቱ በፊት ክሊኒካችን የሚሠራው በወረቀት ቻርት ነበር። መመርመሪያ ክፍሉና ኮሪደሩ የተለያዩት በችፑድ ነው፤ እዚህ የተነገረው እዚያ ይሰማል። መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ የሚመጡ ሹፌሮች ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተራ ሲጠብቁ ውስጥ ያለው የሚለውን ይሰማሉ። ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ግራ። ወረቀት አይለወጥ፣ እነሱም አይረሱ፤ መናኸሪያው በሙሉ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ሸመደደው። አንዱ ሹፌር ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ፣ ጀርባውን ለቻርቱ እንደሰጠ ሲጀምር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተሳስቀን መለስነው።

አባቴ እኔ እንድመረምረው አይፈልግም ነበር። ልጅ አባቷን ፊት ለፊት አስቀምጣ ስትጠይቅ ለሰው ዓይን አያምርም ይላል። እኔም አልተሟገትኩትም፤ ነገሩ ደንብ ነው። የሚመረምረው ባልደረባዬ ነበር። እሱም ሁልጊዜ አንድ ነገር ይነግረኛል፦ አባትሽ ከእኔና ከአንቺ ይበልጥ ያያል።

ዶክተራችን ይህን የሽምደዳ ጉዳይ ሲደርስበት ፕሮጀክተሩን አዲስ አበባ ካለ ባልንጀራው ገዛው። ያገለገለ ነው። ቢሆንም ለእኛ ብርቅ ነበር። በተከፈተበት ጠዋት ዶክተሩ አንድ ሐሳብ መጣለት። አዲስ ነገር ሳይመረቅ አይጀመርም፤ አባትሽ ይጠሩና ይመርቁልን አለኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አባቴን ስልክ ደውዬ ነገርኩት፤ ሱሪውን ተኩሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ መጣ። ሠራተኛውም ታካሚውም ክፍሉን ሞላው። እኔ ማሽኑን አብርቼ፣ መስመሯን ሰሌዳው ላይ አውጥቼ አዘጋጀሁ።

አባቴ እጆቹን ዘርግቶ መረቀ። ምርቃት ላይ አይቸኩልም። ማሽኑን መረቀ፣ ዶክተሩን መረቀ፣ የታመመ እንዲድን፣ የጠፋ ብርሃን እንዲመለስ፣ ዝናቡ በወቅቱ እንዲዘንብ፣ ልጆች ለወግ ለማዕረግ እንዲበቁ። ግማሹ አሚን ይላል፣ ግማሹ አሜን። ሲጨርስ ዶክተሩ ክንዱን ያዘና «አባታችን፣ ሥራው በእርስዎ ይጀመር፤ ይቀመጡ» አለው። ክብር ነበር። እምቢ የሚባል ክብር አይደለም። አባቴ ተቀመጠ።

ሁላችንም ዓይናችን እሱ ላይ ነበር። ማን ግድግዳ ያያል? እሱ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ቀኝ እጁን አነሳና ጀመረ። ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ግራ። ድምፁ ያምራል፤ የመናኸሪያ ድምፅ ነው፣ ሩቅ ይሰማል። ጽዳት ሠራተኛችን ሳቀች። ሰው ሁሉ ተከትሎ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት። እኔ ዞሬ ሰሌዳውን አየሁ። ሰሌዳው ላይ ምንም አልነበረም። ምርቃቱ ስለረዘመ ማሽኑ ራሱን አጥፍቷል።

አባቴ አልቀለደም። ፊቱን ሳየው አወቅሁ። ሳቁ ከየት እንደመጣ እየፈለገ ጭንቅላቱን ወደ ድምፁ ዘንበል አድርጎ ነበር። ሪሞቱን ነካሁት፤ ማሽኑ በራ፤ ትልቋን ፊደል አወጣሁ። የፊቱ አንድ መስመር አልተንቀሳቀሰም። «አባ፣ አሁንስ?» አልኩት። መብራቱ የታለ አለ። ከኋላ አንዱ ታካሚ፣ ጠፍቶ ነበር አሁን በራ ብሎ መለሰለት።

የአባቴ እጅ አሁንም አየር ላይ ነበር። ያኔ ዶክተሩ፣ ደግ ሰው ነው፣ የሽማግሌ ገመና በሰው ፊት እንዲገለጥ አልፈለገም። ሳቅ ብሎ አምፖሉ እኮ አሮጌ ነው፣ ለእኛም ደብዝዞብናል፣ አዲስ እስኪመጣ ነው እንጂ አለ። ሁሉም አዎ አዎ አለ። አባቴ እጁን አወረደ። ያቺ አንዲት ቃል የተሰጠችው በሰው ፊት እንዳያፍር ነበር። እሱ ግን በሁለት እጁ ተቀበላት።

ዶክተሩ ያኑ ዕለት ውስጠኛው ክፍል አስገብቶ በደንብ አየው። የዓይን ግፊት ነው። ቀስ ብሎ፣ ሳያም፣ ሳያቀላ፣ ለብዙ ጊዜ ሲበላው የኖረ። ግራው ጨርሶ ሄዷል፤ ቀኙም የቀረው ጥቂት ጭላንጭል ነው፤ የሰው ጥላ፣ የበር ብርሃን፣ የቀን ነጭነት። ዶክተሩ ምንም አልሸሸገም። የሞተ ነርቭ አይመለስም አለው፤ ጠብታው የቀረችውን ለማቆየት ነው፣ መኪና መንዳት ከዛሬ ጀምሮ የለም። አባቴ በጥሞና ሰማ። ሲጨርስ «እሺ ዶክተር። አምፖሉ ሲመጣ ደግሞ እናየዋለን» አለ።

ዶክተሩ እኔን አየኝ። እኔ መሬቱን አየሁ።

ማታውኑ የመኪናው ረዳት ቤት መጣ። የሰፈራችን ጎልማሳ ነው፤ ከአባቴ ጋር አርጅቷል ማለት ይቻላል። ከቤት አስወጥቶ አጥሩ ሥር አቁሞኝ ነገረኝ። የማታውን ምልልስ የተዉት አባቴ ቤት እንደነገረን በነዳጅ ሰልፍ አልነበረም። ቀን ቀን ደግሞ ረዳቱ ከአባቴ ጎን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያወራው ወሬ ሁሉ ወሬ አልነበረም፤ እዚህ ጋ ሰው፣ እዚያ ጋ ጉድጓድ፣ ግራህ ክፍት ነው፣ አህያዋ አልፋለች። ተሳፋሪው የሚያወሩ ጓደኛሞች ይመስሉታል። በዚያ መኪና እናቴ ተሳፍራለች፣ እኔ ተሳፍሬያለሁ፣ ሾኔ ያገባች እህቴ ነፍሰ ጡር ሆና ተሳፍራለች። አላህ ያተረፈው ሰው ነው። ረዳቱን ልቆጣው አፌን ከፈትኩ፤ እያለቀሰ ነበር፣ ተውኩት።

አባቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ መሪ አልጨበጠም። ቃሉን ጠበቀ። ግን ማቆሙ በእሱ አነጋገር ለጊዜው ነበር፤ አምፖሉ እስኪመጣ። ሌላ ሹፌር እንቅጠር ስንለው ለጥቂት ቀን ብሎ ሰው ማላመድ ምን ያደርጋል አለ። ሚኒባሱ ግቢ ውስጥ ቆመ። እሱ በየጠዋቱ እየዳበሰ ይገባና ሞተሩን ያስነሳል፤ ባትሪው እንዳይሞት ነው። ጎማውን በመዳፉ ይጫናል። ሐሙስ ሐሙስ ያጥበዋል። ቆመ እንጂ አላረጀም ብሎ ይኮራበታል። ሾኔ ያለችው እህቴ ስትወልድ፣ አምፖሉ ሲመጣ ራሴ ነድቼ መጥቼ አያታለሁ ብሎ ላከባት። ጠብታውን እኔ ነበርኩ የማደርግለት፤ ማታ ከሥራ ስመለስ፣ ከመግሪብ በፊት። አንድ ቀን እንኳ አልዘለለም። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ዓይኑን ገልጦ ይጠብቀኛል።

አንድ ቀን ቆርጬ ነገርኩት። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ፣ ቃል በቃል፣ አምፖሉና ዓይኑ እንደማይገናኙ። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ረጋ ብሎ ጠየቀኝ፤ «የዚያን ዕለት እኔ ፊደሉን ስናገር መብራቱ በርቶ ነበር ጠፍቶ?» ጠፍቶ ነበር አልኩት። በቃ አለ። እናቴ ጓዳ ሆና ትሰማን ኖሮ ወጥቼ ስሄድ ያዘችኝ። «ተይው ልጄ። ተስፋው ምን አደረገሽ?» አለችኝ።

ልክ ነበረች። እኔ ግን መተው አላውቅበትም።

አምፖሉ በእርግጥም ያስፈልገን ነበር። አሮጌው ውስጡ ጠቁሮ ከሰዓት በኋላ ሰው ደህና ዓይን ይዞ ትንንሾቹን መስመሮች ይስታል፤ ያለ ጥፋቱ መነጽር ልንጭንበት ነው። ለዶክተሩ የማቀርበው ምክንያት ይህ ነበር፤ ምክንያቱም እውነት ነው። ግን ሌላም ነበር። ይህን ሁሉ ተምሬ፣ የአባቴን የዓይን ነርቭ ነጭ ሆኖ በማሽን አይቼው፣ በአንዱ የልቤ ጥግ እኔም አምፖሉን አምኜው ነበር። ምናልባት ብርሃኑ ከጠነከረ ትልቋን ፊደል ያያታል። እሷን ብቻ። አንዴ እጁን አንስቶ ቀኝ ቢለኝ ምን ነበረበት እላለሁ። መኪና ይነዳል ብዬ አይደለም። ለምን እንደሆነ እንጃ።

መናኸሪያው አጠገብ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለው ጉራጌ ጎረቤታችን የአባቴ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ነው፤ መርካቶ ዘመድ አለው። አሮጌውን አምፖል ነቅዬ በጥጥ ጠቅልዬ ሰጠሁት፤ ለናሙና። እስኪመለስ ድረስ ፕሮጀክተሩን ሸፍነን የድሮውን ወረቀት ሰቀልን። መጀመሪያ የመጣው እግሩ ወፍራም ሆኖ አልገባም። ሁለተኛው ገባ፣ ግን እንደበራ ቡም ብሎ ተቃጠለ። ጎረቤታችን ይህ ነገር አገር ውስጥ የለም፣ ተስፋ እንቁረጥ አለኝ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። በየሁለት ቀኑ ሱቁ በር ላይ እቆማለሁ። ስልክ ደውል፣ ሌላ ሰው ጠይቅ፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው የለም ወይ እያልኩ አፋጠጥኩት። ስመለስ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ምን አለ ይላል። እየተፈለገ ነው እለዋለሁ። አልሐምዱሊላህ ብሎ ይገባል፤ ያን ማታ እራቱን ደህና ይበላል።

አሁን ሳስበው እነዚያ ወራት ደህና ወራት ነበሩ። ቤታችን የሚጠብቀው ነገር ነበረው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ የተነገረ ነው። ምነው አምፖሉ ባልተገኘ። ምነው መርካቶ ያለው ዘመድ ስልኩን ባላነሳ። ወረቀቱን ሰቅለን እንደድሮው እንሠራ ነበር፤ ሹፌሮቹ ይሸመድዱ፣ እኛም እንታገላቸው፤ አባቴ በየጠዋቱ ሞተሩን እያስነሳ፣ ነገ ይመጣል እያለ ይኖር ነበር። ዛሬም ድረስ ከሁሉ የሚቆጨኝ ይኸው ነው። አጥፍቼ አይደለም የምቆጨው፤ ስላልሰነፍኩ ነው።

አምፖሉ የመጣው አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ጎረቤታችን ሱቁን ዘግቶ፣ አባቴን ክንዱን ይዞ፣ እሱው ራሱ ክሊኒክ አመጣው። ሁለቱም ፊታቸው በርቷል። አባቴ የተተኮሰ ሱሪውን ለብሷል። ኮሪደር ላይ ያሉትን ሁሉ ሰላም አለ። ዶክተሩ ታካሚውን ጨርሶ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ነገሩን እንዳስቀረው በዓይኑ ለመነኝ። እንዴት ብዬ አስቀራለሁ?

አባቴ እኔው እከተዋለሁ አለ። ማሽኑን ከሶኬት ነቀልኩለት። የኋላ ክዳኑን በጣቱ ፈልጎ አገኘው፣ ብሎኑን ፈታ። አምፖሉን ከካርቶኑ ሲያወጣ መስታወቱን በባዶ እጄ እንዳልነካ አስጠነቀቀኝ፤ የጣት ወዝ ያቃጥለዋል አለ፣ የመኪናም እንዲሁ ነው። የማውቀው ነገር ነው፤ አላውቅም ብዬ አመሰገንኩት። በወረቀት ይዞ ቀስ ብሎ አስገባው። ጠቅ ሲል ሁላችንም ሰማን። ክዳኑን መለሰ። እጁን በመሀረቡ ጠርጎ ወንበሩን ዳበሰና ተቀመጠ።

መጋረጃውን ዘጋሁ። ማሽኑን ሰካሁት። ሪሞቱን ነካሁ።

እንዲህ ያለ ብርሃን ያ ክፍል አይቶ አያውቅም። ሰሌዳው ነጭ ሆነ፤ ፊደሏ፣ ትልቋ፣ ብቻዋን፣ ጥቁር ሆና ቆመች። እግሯ ወደ ቀኝ ነው። ከሰሌዳው የተመለሰው ብርሃን የአባቴ ፊት ላይ ወድቆ ሽበቱን አንድ በአንድ አሳየኝ። ጎረቤታችን ሊያደንቅ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ አባቴን አየና እጁን አፉ ላይ ጫነ።

አባቴ ፊቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ግድግዳው ይዟል። ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ነው፤ ሊያነሳው ተዘጋጅቷል። ዓይኑን ገልጦ፣ ጠብታ ስጨምርለት እንደሚያደርገው፣ ይጠብቃል። ምን እንደሚጠብቅ ገባኝ። እኔ ገና ያላበራሁት መስሎታል።

ማሽኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ማራገቢያ ብቻ ትሰማለች። ብዙ ታገሠ። በመጨረሻ ራሱን ወደ እኔ ዘንበል አድርጎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ በሚመስል ድምፅ ጠየቀኝ።

«በራ?»

ገና ነው ልለው እችል ነበር። ይሄም የተበላሸ ነው፣ ሌላ እናስልካለን ልለው እችል ነበር፤ ዶክተሩም ጎረቤታችንም አፍ አውጥተው አያጋልጡኝም ነበር። ያን ሁሉ ወራት ሲጠይቀኝ የኖረ ሰው ነው፤ ሌላም ወራት ይጠብቅልኝ ነበር። ግን የሰው ዓይን እየመረመርኩ የኖርኩበት አንደበት ቀደመኝ።

«በርቷል አባ።»

እጁን ከጉልበቱ ላይ አላነሳም። በጣቶቹ የተተኮሰውን የሱሪውን መስመር ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። ከዚያ የወዳጁን ስም ጠርቶ የት እንደቆመ ፈለገው። ጎረቤታችን መጥቶ እጁን ያዘው።

«እንግዲህ መኪናዋን ገዢ ፈልግላት» አለው አባቴ። «ሞተሯ ደህና ነው። በየቀኑ አስነስቻታለሁ።»